የኔታን የመረመርኋቸው እኔ ነኝ

አልጣሽን የማያመሰግን ሰው ላሊበላ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። እኔም አመሰግናታለሁ፤ ከአንገት በላይ። ስሟ ሲነሳ «እንዲህ ያለች ሴት እኮ» ብዬ እጀምርና ሌላው እንዲጨርሰው እተውለታለሁ። ራሴ ጨርሼው አላውቅም።

ባለፈው ወር ክበባችን የአንድ አባሉን አጭር የሕይወት ታሪክ ጽፎ ለባሕር ማዶ ወዳጆቹ እንዲልክ ተጠየቀ። አባላቱ በአንድ አፍ «አልጣሽ!» አሉ። ጸሐፊው እኔ ነኝና ጻፍሁት። የላክሁት ግማሽ ገጽ ነው። ይኸኛው እዚያ ያልገባው ነው።

ክበቡ የሮሃ በጎ ፈቃደኞች ክበብ ይባላል። ዘጠኝ ነን። የምንሰበሰበው ከአረጋ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነው፤ ወፍጮው ሲነሳ እየተጯጯህን እንወያያለን። ሊቀ መንበሩ አረጋ ነው፤ ግን እጁ ዱቄት ስለሆነ ወረቀት አይነካም። «የተማረ ይግደለኝ» ይልና ሁሉንም ወደ እኔ ይገፋዋል። ስሜ ደግሰው ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ደግሰው ማለት ክበቡ፣ ክበቡ ማለት ደግሰው ነበር። ጣሪያው ለሚያፈስበት አቅመ ደካማ ቆርቆሮ እንመታለን፣ ከገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መኪና መንገድ እናደርሳለን፣ ለተማሪ ደብተር እንሰበስባለን። አንድ ቱሪስት አገሩ ገብቶ ስለ እኛ ቢያወራ፣ ባሕር ማዶ በአንዲት ትንሽ ከተማ ካለ የእኛው ዓይነት ክበብ ጋር ወዳጅ ሆንን። በዓመት አንድ ሁለት ካርቶን ዕቃ ይልካሉ፤ እኔ በደብዳቤ አመሰግናለሁ። የእነሱ ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። ስድስት ዓመት ስንጻጻፍ አንድም ቀን አልተያየንም።

አልጣሽ የመጣችው በኋላ ነው። ትውልዷ ፍላቂት አጠገብ ካለ የገብስ አገር ነው። በልጅነቷ ተዳረች፣ ባሏ ሞተ፣ ጋሸና ሄዳ ለሾፌሮች ምግብ ቤት ከፈተች። በዚያ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር እሷ ቤት ሳይበላ አያልፍም ነበር አሉ። በጦርነቱ ቤቷ ተቃጠለ። አንድ ድስትና አንድ ጭልፋ ይዛ ላሊበላ ገባች፤ አረጋም ወፍጮ ቤቱ እህል እንድታበጥር ቀጠራት። ይኸን ሁሉ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ እሷ ስለ ራሷ አታወራም። ይኸም ያናድደኛል።

በስብሰባ ቀን ሻይ ታመጣልን ነበር። መጀመሪያ ሻዩን አስቀምጣ ትወጣለች። ቀጥሎ በሩ ላይ ቆማ ማዳመጥ ጀመረች። አንድ ቀን ቀና ብል ተቀምጣለች። በዓመቱ አባል ሆነች፤ ፊደል አልቆጠረችምና በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ቅናቴ የጀመረበትን ቀን አውቀዋለሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤ እያነበብሁላቸው ነበር፤ የእነዚያን ሰዎች ከተማ ጎርፍ መትቶት፣ ሽማግሌና አሮጊቱ ሁሉ ቤቱን ጥሎ አዳራሽ ውስጥ ተጠልሏል ይላል። አባላቱ ከንፈር መጠጡ። እኔም የማጽናኛ ደብዳቤውን በልቤ ማዘጋጀት ጀመርሁ።

«አገራቸው ብርድ ነው?» አለች አልጣሽ።

«ብርድ ነው።»

«ታዲያ ጋቢ እንስደድላቸው እንጂ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። እነዚያ ሰዎች ሀብታም መሆናቸውን፣ እኛ ተቀባይ እነሱ ሰጪ መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዳኋት።

«ሀብታም አይበርደውም እንዴ መምህር?» አለችኝ። ሳቁ ወደ እኔ ዞረ።

ሸማኔ ለምነን፣ ሴቶቹ ፈትል አዋጥተው፣ ስድስት ጋቢ ላክን። በወሩ ፎቶግራፍ መጣ፤ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሎች ጋቢያችንን ተከናንበው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ደብዳቤው ሦስት ቦታ «አልጣሽ» ይላል። የእኔ ስም አንድ ቦታ ነው ያለው፤ መጀመሪያው ላይ፣ «ውድ ደግሰው» የሚለው። የሐሳቡ ባለቤት እሷ መሆኗን ጽፌ የነገርኋቸው ሞኙ እኔው ነኝ። አልጣሽ «እስቲ ድገሙልኝ» አለችኝ። ደገምሁላት። ስሟ ካለበት ሦስት ቦታ አንዷን ዘለልሁ።

በዚህ ዓመት ጥር ላይ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ መጣ። የካቲት ውስጥ የዓይን ሐኪሞች ወልድያ መጥተው አምስት ቀን የዓይን ሞራ በነፃ ይገፍፋሉ፤ ሊቀ መንበሯ ሴትዮም አብረው ይመጣሉ። ለእኛ ክበብ የሃያ አራት በሽተኛ ቦታ ተይዟል። አብሮ የሚሄድ አስታማሚ አንድ ብቻ ነው። አስታማሚው ማን እንደሚሆን አልተጠየቀም፤ ሙሉ ልብሴን ለላውንደሪ ሰጠሁ።

የቀረው በሽተኞቹን መምረጥ ነው። ለምርመራ የላኩት ሰሌዳ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ለእኛ ሰው አይሆንም። እኔ የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ፊደል የቆጠረ በፊደል፣ ያልቆጠረ በጣት! ገበሬውን ራቅ ብዬ ቆሜ ጣቴን አስቆጥረዋለሁ። ካህናቱን ግን በጣት ማስቆጠር ነውር ነው፤ የዘወትር ጸሎት ያለባትን ትንሿን መጽሐፌን እሰጣቸውና አራት መስመር ያነቡልኛል። አባላቱ በዘዴዬ ተደነቁ። አረጋ «የተማረ ይግደለኝ» አለ።

ሐሙስና ዓርብ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ መረመርሁ። ሠላሳ ስምንት ካህን መጣ። ሠላሳ ስምንቱም እንደ ውሃ አነበቡት። ሠላሳ ስምንት ጊዜ «ደህና» ብዬ ጻፍሁ።

የመጨረሻው የኔታ ነበሩ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን የማያውቅ የለም፤ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል። በአንድ እጃቸው በትራቸውን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘው መጡ። አልጣሽ ሮጣ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። መጽሐፉን ከፍቼ በእጃቸው ሰጠሁና «አራት መስመር ይበቃል የኔታ» አልሁ።

አራት መስመር አልበቃቸውም። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እግራቸው ሥር የተቀመጥሁ መሰለኝ። ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አደረሱት። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም «ደህና» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ሰው ሲበተን አልጣሽ ብርጭቆ እየሰበሰበች ጠጋ አለችኝ።

«መምህር፣ የኔታ እኮ አያዩም።»

«ምን?»

«ያን ሁሉ ሲያነቡ ገጹን አንዴ አልገለጡትም።»

መጽሐፉን አየሁት። የከፈትሁላቸው ገጽ አሥራ አንድ መስመር ነው። ጸሎቱ አራት ገጽ ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ፤ የኔታ ብቻ ሳይሆኑ ሠላሳ ስምንቱም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጧት ማታ የሚደግመውን ጸሎት የትኛው ካህን ነው መጽሐፍ እያየ የሚለው? ዓይን ሳይሆን ቃል ነው የመረመርሁት። ገባኝ፣ ግን የተናገርሁት ሌላ ነው።

«አንቺ ስለ መጽሐፍ ምን ታውቂያለሽ?»

 «እውነትዎን ነው» አለችና ብርጭቆዋን ይዛ ሄደች።

ያን ዕለት ለሴትዮዋ ረጅም ኢሜይል ጻፍሁ። የከተማችን ካህናት ዓይን እጅግ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱን፣ ምርመራውን ራሴ መምራቴን ገለጽሁ። እሑድ መልስ መጣ፤ ሐኪሞቹ በጣም ተገርመዋል፣ ካህናቱ ምን እንደሚመገቡም ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለ ገብስ በሶ አንድ አንቀጽ ጻፍሁላቸው። አሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይቃጠላል።

ሰኞ ስብሰባ ላይ መልሱን እየተረጎምሁ ሳነብ አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። አረጋ አላስጨረሰኝም። «አልጣሽ፣ ንገሪው» አለ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ መርፌና ክር ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆማ ነበር ለካ። በዚያ የሚያልፈውን ካህን ሁሉ መስቀል ትሳለምና፣ «አባ፣ ዓይኔ ደክሞብኝ ነው፤ ይችን ክር ያስገቡልኝ» ትላለች። ጸሎት እንጂ መርፌ በቃል አይታወቅም። አሥራ ሰባት ካህን ክሩን ማስገባት አቃተው። ከእነሱም አሥራ አንዱ ብሌናቸው ላይ ነጭ ነገር ጋርዶባቸዋል። የአሥራ ሰባቱንም ስም በቃሏ ያዘች። ለስድስቱ ከባሕር ማዶ በካርቶን ከመጣልን መነጽር ተሰጠ፤ አሥራ አንዱ ወልድያ ይሂዱ ተባለ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብሎ አረጋ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ እሷ ስም ስትጠራ እኔ እጽፍ ጀመር። ፊደል የማታውቅ ሴት አጠገቤ ቁጭ ብላ «አባ ሰይፈ ሥላሴ... ቄስ ምስጋኑ...» ትላለች፤ እኔ ባለዲፕሎማው እጽፋለሁ።  በቅናት ደሜ ፈላ፤ ሌላ ስም የለውም።

አሥራ አንድ ካህንና በጣት ቆጠራው የተለዩ አሥራ ሁለት ገበሬ ተጻፈ። ሃያ ሦስት።

«ሃያ አራተኛው የኔታ ናቸው» አለች። «ግን እምቢ ብለውኛል። መርፌውን ብሰጣቸው አልተቀበሉኝም። ‹ደግሰው መርምሮኛል፣ ደህና ነዎት ብሎ ጽፏል፤ በልጄ ላይ ሌላ መርማሪ አልሻም› አሉ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲህ አንተው ሂድና ተሳስቻለሁ በላቸው» አለ አረጋ። «ከአንተ በቀር የሚሰሙት የለም። ቅዳሜ ጧት መኪናው ይነሳል።»

«እሺ፣ ነገ» አልሁ።

ማክሰኞ ራሴን አመመኝ አልሁ። ረቡዕ ዕለት ገበያ ስወጣ አልጣሽ በሶ በአገልግል ይዛ ወደ የኔታ ቤት ስትወጣ አየኋትና ከመንገድ ተመለስሁ። እሷ ባለችበት ልናገረው ኖሯል? ሐሙስ ቤቴ ውስጥ ውሃ ቀጠነ ብዬ ከሁሉም ጋር ተጣላሁ። የኔታን ሳልወዳቸው ቀርቼ አይደለም። አሥራ አንዱን ‹በኋላ የተገኙ› ብዬ ማለፍ ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ ያሰመርሁባቸው እሳቸው መኪናው ውስጥ ከተቀመጡ ግን ስሕተቴ እስከ ወልድያ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይሄዳል። ሴትዮዋም «እኚህ ካህን ‹ደህና› ከተባሉት አይደሉም ወይ?» ይላሉ። ስድስት ዓመት በደብዳቤ ያከበሩኝ ሰው ናቸው። እንደማይሳሳት ሰው ሆኜ ልገናኛቸው ፈለግሁ። ለዚህ ብዬ የአንድ ሽማግሌን ዓይን በኪሴ ይዤ ዞርሁ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አልጣሽ ቤቴ መጣች። አልቀመጥም አለች።

«መምህር፣ በእኔ ከሆነ የተቀየሙት፣ እኔ እሳሳት። ‹ዋሽቼ ነው፣ መምህር ልክ ነበሩ› ብዬ አረጋ ፊት ልናገር፣ ገበያ መካከልም በሉኝ እናገራለሁ። የኔታን ብቻ ይንገሯቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲያነቡ ኖረው በጨለማ አይለፉ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ሰው አያየውም ብዬ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የቀናሁት በዚያች ደቂቃ ነው። በጋቢው፣ በመርፌው በለጠችኝ። አሁን ደግሞ ስሕተቴን እንኳ ልትወስድልኝ መጣች። እሱን ግን አልሰጣትም አልሁ በልቤ። በትሬን አንሥቼ ወጣሁ።

የኔታ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ካለች ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥሁ።

«የኔታ፣ ተሳስቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ዓይንዎን። አያዩም።»

ሳቁ። «እሱንማ ስድስት ዓመቴ!»

«ታዲያ ለምን አነበቡልኝ?»

«መጽሐፍ ሰጠኸኝ። ሕዝብ ቆሟል። አይታየኝም ብል፣ ‹ወልደ ሩፋኤል አበቃለት› ሊባል አይደለም? ደግሞም አንተ ደስ ብሎህ ነበር፤ ትንፋሽህ ይሰማኝ ነበር። ዓመት በዓል ለዓመት በዓል ብቅ ትላለህ፤ ስመኸኝ ትሮጣለህ። ያን ቀን ግን ተቀምጠህ ሰማኸኝ።» ጭራቸውን ወዘወዙ። «ከሰኞ ጀምሮ ስጠብቅህ ነበር። አልጣሽ በመጣች ቁጥር፣ ‹ደግሰው ይመጣል፣ እሱ ሳይነግረኝ አልሄድም› እላታለሁ።»

አልቅሼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ይፍታህ» አሉኝና በትራቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ አሁኑኑ ሊነሡ።

«እጄን የሚይዘኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ ፈጠን ብዬ። «አስታማሚው እኔ ነኝ።»

ትንሽ አሰቡ። «አንተ ከፈረንጆቹ ጋር ወሬ ከያዝህ ትረሳኛለህ። አልጣሽ ትያዘኝ።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ወጥ ላይ ጨው ጎድሏል እንደማለት ነው ያሉት። መሟገት አልቻልሁም፤ እውነት ነዋ። ቦታዬን ለአልጣሽ ሰጠሁ። ሰጠሁ ልበል እንጂ ተወሰደብኝ።

ቅዳሜ ጧት ሃያ አራቱ ተሳፍረው፣ አልጣሽ የኔታን በእጅ ይዛ፣ መኪናው በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ ሄደ። ለሴትዮዋ የሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፌ በአልጣሽ እጅ ላክሁ፤ ስሕተቴንም፣ ያረመችኝ እሷ መሆኗንም ጽፌያለሁ። የምታደርሰው ምን እንደሆነ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን በአረጋ ስልክ ፎቶግራፍ መጣ። ሴትዮዋ አልጣሽን አንገቷን አቅፈዋታል፤ ሁለቱም ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። በምን ቋንቋ ነው የሚሳሳቁት? ስድስት ዓመት ሰዋስው አስተካክዬ ስጽፍላቸው እንዲህ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም። ስልኩን ለአረጋ መለስሁለትና ቆንጆ ፎቶ ነው አልሁት።

በሳምንቱ ተመለሱ። ወፍጮ ቤቱ ግቢ በሰው ሞላ። እኔም ያን ሙሉ ልብስ ለብሼ ከፊት ቆምሁ። ካህናቱ ጥቁር መነጽር አድርገው አንድ በአንድ ሲወርዱ እልልታው ቀለጠ። የኔታ መጨረሻ ወረዱ። አንድ ዓይናቸው ተሠርቷል፤ ሌላው ለከርሞ ተቀጥሯል። መጀመሪያ የአልጣሽን ትከሻ ይዘው ነበር፤ መሬት ሲረግጡ ለቀቋት። መነጽራቸውን አወለቁና ሰዉን ዞር ዞር ብለው አዩ። አረጋን ሲያዩ «አንተ ዱቄት የለበስኸው፣ ባለ ወፍጮው አንተ ነህ» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ወደ እኔ ሲመጡ ሆን ብዬ ዝም አልሁ። ድምፄን ከሰሙ ያውቁኛል፤ እኔ የፈለግሁት ግን በዓይናቸው እንዲያውቁኝ ነው። የእኔ የሆነ አንድ ነገር ፈለግሁ፤ አልጣሽ ያልነካችው። ፊት ለፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከሸበተው ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ቀስ ብለው አዩኝ። ከዚያ፣ እንግዳ ሰው እንደሚከበር፣ ጎንበስ አሉልኝ።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አሉኝና ወደ አልጣሽ ዞሩ። «ደግሰውስ? ያ ልጅ አልመጣም?»

 «አለሁ የኔታ» ልል አፌን ከፈትሁ።

«ይኸው ፊትዎ ቆመዋል» አለች አልጣሽ፤ ቀደመችኝ።